«ስድስት ሳምንት ጠብቁ» ሲባል የሚረሳው ነገር

ልጅ ከተወለደ በኋላ ባልና ሚስት ስለ ግንኙነት የሚሰሙት ምክር ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር መልስ ናት። ስድስት ሳምንት ጠብቁ። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሲጠይቁም መልሱ ያው ነው፤ «ለስድስት ሳምንቱ ቀጠሮ ስትመጡ እናወራለን» ይባላሉ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ቀጠሮ ይታሰራሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሴቷ አካልና ስሜት ለግንኙነት የሚዘጋጁበት ጊዜ ለብዙዎች ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ አንዳንዴም በጣም ቆይቶ። ማርገዝ የምትችልበት ጊዜ ግን ከዚያ በፊት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በአንዱ እንቸኩላለን፣ በሌላው እንዘገያለን። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። መከላከያው ቀድሞ፣ ልጁ ገና ሆድ ውስጥ እያለ ይታሰብበት። ግንኙነቱ ደግሞ ሴቷ ስትፈልግ ይጀመር፣ የቀን መቁጠሪያው ስላለ ብቻ አይደለም።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ስድስት ሳምንት ዝም ብሎ የተፈጠረ ቁጥር አይደለም። የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ ሰፊ ቁስል ትቶ ነው የሚወጣው። ቁስሉ ከውጭ ስለማይታይ ሰው ይዘነጋዋል። ማህፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በዚህ መሀል የሚፈሰው ደም መጀመሪያ ደማቅ ቀይ ነው፣ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ነጣ ያለ ፈሳሽ ይሆናል። ለብዙ ሴቶች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ደሙ ሳይቆምና ስፌቱ ሳይሽር ግንኙነት መጀመር ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ቁስሉንም ሊከፍተው ይችላል።

ለሁሉም ሴት የሚሠራ አንድ ቀን ግን የለም። ምንም ሳትቀደድ የወለደችና መቀደዱ እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ የደረሰባት ሴት እንዴት በአንድ ቀን እኩል ይድናሉ? ሐኪሞች መቀደድን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ቆዳ ላይ ብቻ የሚቀር ነው። ሦስተኛውና አራተኛው የፊንጢጣን መቆጣጠሪያ ጡንቻና ከዚያም አልፎ የሚነካ ነው። እንዲህ ያለ ስፌት ያላት ሴት ሐኪም አይቶ «ድኗል» እስኪላት መጠበቅ አለባት፤ ያ ደግሞ ከስድስት ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። ስንተኛ ደረጃ እንደተቀደድሽ ካልተነገረሽ ጠይቂ። የራስሽ አካል ነው፣ የማወቅ መብት አለሽ።

በኦፕራሲዮን የወለደችም ሴት ከዚህ ነጻ አይደለችም። ማህፀኗ ውስጥ ያለው የእንግዴ ልጅ ቁስል ያው ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሆዷ ላይ የተሰፉ ብዙ ንብርብሮች አሉ። «ከታች አልተነካሽም፣ ምን አለ ታዲያ?» የሚል ሰው ካጋጠማት መልሱ ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይሰመርበት። የስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ የመጀመሪያው ቀጠሮ መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እናትና ልጅ ከመጀመሪያው 24 ሰዓት ክትትል በኋላ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል፤ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በስድስተኛው ሳምንት። የአሜሪካ የጽንስና ማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ቀጠሮ ብቻ ይበቃል የሚለውን አሠራር ትቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከባለሙያ ጋር መነጋገር እንዲኖርና ሙሉ ምርመራው እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲጠናቀቅ መክሯል። ስለ መከላከያ ለመነጋገር አርባ ምናምን ቀን የሚያስጠብቅ ምክንያት የለም።

ሌሎች ሴቶችስ መቼ ጀመሩ?

ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የማያስበው ግን የለም። አውስትራሊያ ውስጥ በሜልቦርን ከተማ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ ከ1,500 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት አለ። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ግንኙነት የሞከሩት 41 በመቶ ነበሩ። እስከ ስምንተኛው ሳምንት 65 በመቶ፣ እስከ 12ኛው ሳምንት 78 በመቶ፣ እስከ ስድስተኛው ወር 94 በመቶ ደረሱ። ስድስተኛው ሳምንት ሲደርስ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና አልጀመሩም ነበር ማለት ነው። በሁለተኛው ወር «እኔ ብቻ ነኝ የዘገየሁት» ብላ የምትጨነቅ ሴት ካለች ብቻዋን አይደለችም።

የዚሁ ጥናት ሌላው ክፍል ደግሞ የበለጠ ሊወራበት የሚገባ ነው። ከወሊድ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንኙነት ሲያደርጉ 86 በመቶ የሚሆኑት ህመም ተሰምቷቸዋል። በስድስተኛው ወር 43 በመቶ፣ በ18ኛው ወር እንኳ 23 በመቶ ህመም ነበራቸው። በኦፕራሲዮን ወይም በቫኪዩም (ሕፃኑን ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ) የወለዱትም ከዚህ አላመለጡም፤ ሳይቀደዱ በምጥ ከወለዱት ይልቅ እነሱ በ18ኛው ወር ህመም የማየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ህመም የተለመደ ነው ማለትና ህመምን ቻዪው ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሴቶች ግን የሚሰሙት ሁለተኛውን ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ትንሽ ማመሙ ይጠበቃል። ወራት አልፈው እየደጋገመ የሚያም ከሆነ ግን መታየት አለበት። በደንብ ያልገጠመ ስፌት፣ ያበጠ ጠባሳ፣ ኢንፌክሽን፣ የተወጠረ ጡንቻ፣ ወይም ድርቀት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሕክምና አላቸው። የመጀመሪያው ባለሙያ «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ ከሸኘሽ ሌላ ባለሙያ ፈልጊ።

ድርቀቱን ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም ብዙ ባልና ሚስት የሚጋጩት በእሱ ነው። ጡት የምታጠባ ሴት ሰውነቷ ፕሮላክቲን የተባለውን ወተት የሚያመርት ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ፕሮላክቲን ከፍ ሲል ኤስትሮጅን ይወርዳል። ኤስትሮጅን ሲወርድ የብልት ውስጠኛ ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ በቀላሉ ይላጣል። የወር አበባቸው በዕድሜ የቆመ ሴቶች የሚያዩት ድርቀትም መነሻው ይኸው የኤስትሮጅን ማነስ ነው። ስለዚህ ሴቷ ባሏን እየወደደችው፣ ልቧም እየፈለገ፣ ሰውነቷ ላይረጥብ ይችላል። እሱ «አትፈልገኝም» ብሎ ይከፋል፣ እሷ «ምን ሆኜ ነው» ትላለች፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ይህን ችግር በእጅጉ ያቀለዋል። ቫዝሊንና የሕፃን ቅባት ግን ከኮንዶም ጋር አይሄዱም፤ ቅባት የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳዋል፣ ይቀደዳል። ጄሉ ካልበቃ ሐኪም በብልት የሚቀባ አነስተኛ ኤስትሮጅን ያለው ክሬም ሊያዝ ይችላል።

ሌላም ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁ ነገር አለ። በግንኙነት ጊዜ፣ በተለይ በእርካታ ጊዜ፣ ወተት ከጡት ሊፈስ ይችላል። ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ለሁለቱም ስለሚሠራ ነው። ምንም ችግር የለውም። አስቀድሞ ሕፃኑን ማጥባትና ፎጣ አጠገብ ማስቀመጥ በቂ ነው።

ፍላጎት የት ሄደ?

አካሉ ቢድንም ፍላጎት ላይመጣ ይችላል። እንቅልፍ በሁለት ሰዓት በሁለት ሰዓት ሲቆራረጥ ማን ምን ይፈልጋል? ብዙ እናቶች የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። ቀኑን ሙሉ ሕፃን ደረቷ ላይ ነው፤ ይጠባል፣ ይይዛታል፣ ይጎትታታል። ማታ ባሏ እጁን ሲዘረጋ ሰውነቷ «በቃ፣ ዛሬ ሌላ ሰው አይንካኝ» ይላል። ይህ ባልን መጥላት አይደለም። ግን ካልተነገረ እንደዚያ ይመስላል።

ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም። አልጋ ላይ፣ አንዱ ጠይቆ ሌላው እምቢ ባለበት ደቂቃ ሳይሆን፣ ቀን ላይ ሕፃኑ ሲተኛ ይሁን።

«ስትሸሺኝ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«አልጠላሁህም። ስፌቱን እፈራለሁ። ደግሞም ደክሞኛል።»

«እሺ። መቼ እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ። እስከዚያ አቅፌሽ መተኛት እችላለሁ?»

«እሱንማ እፈልጋለሁ።»

ይህች አጭር ወሬ ስንት ወር ኩርፊያ ታስቀራለች።

ባል ሆነህ ይህን የምታነብ ከሆነ በቀጥታ ላንተ ልናገር። ሐኪም «ስድስት ሳምንት» ማለቱ ለአንተ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ሚስትህ ሳትፈልግ «ይሁን» ካለችህ፣ ሰውነቷ ያንን ህመም ይይዘዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጡንቻዋ ገና ሳትነካት ይኮማተራል፣ ህመሙም ይብሳል። መጠበቅህ ለእሷ የምታደርገው ውለታ ብቻ አይደለም፣ ወደፊት ለሁለታችሁም የሚሆን ነው። ሌሊት ተነስተህ ሕፃኑን ያዝ። ዳይፐሩን ቀይር። ሦስት ሰዓት ሳይቋረጥ የተኛች ሴት ሌላ ሰው ነች።

የመጀመሪያው ቀን ሲደርስ ደግሞ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ሕፃኑ ጠብቶ ተኝቷል። ሽንት ቤት ደርሰሻል፣ ፊኛሽ ባዶ ነው። ጄሉ አጠገባችሁ አለ፣ በብዛት ነው የሚደረገው፣ በቁጠባ አይደለም። አንቺ ከላይ ብትሆኚ ወይም ሁለታችሁም በጎን ብትተኙ ጥልቀቱንም ፍጥነቱንም የምትወስኚው አንቺ ትሆኛለሽ፤ በኦፕራሲዮን ለወለደችም በጎን መተኛት ሆዷ ላይ ክብደት አያሳርፍም። ስፌቱ ያለበት ቦታ ሲነካ ሰውነትሽ ከደነገጠ ቆም በሉ። «ቆይ» ስትይ እሱ መቆሙን ማወቅሽ ራሱ ጡንቻሽን ያላላዋል። ያን ዕለት እስከ መጨረሻው መድረስ የለባችሁም። መሳሳምና መተቃቀፍ ብቻ ሆኖ ቢያልቅም ሙሉ ነገር ነው።

የዳሌ ወለል ጡንቻ እንቅስቃሴም ይረዳል። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ጥቂት ሰከንድ ወጥሮ መልቀቅ ነው። ግን ለሁሉም አይሆንም። አንዳንዷ ችግሯ የጡንቻው መላላት ሳይሆን ከመጠን በላይ መወጠሩ ስለሆነ ይህን ስትደጋግም ይብስባታል። ህመም ያላት ሴት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ብታያት ይሻላል።

ፍላጎት መጥፋቱ ከለቅሶ፣ ከተስፋ መቁረጥ፣ ሕፃኑን ለማየት እንኳ ካለመፈለግ ጋር አብሮ ከመጣና ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ጉዳዩ የድካም ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ ዋነኛው ድባቴ ነው። ይታከማል። ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ።

እርግዝናው ሳይታሰብ የሚመጣው በየት ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ጡት የማታጠባ ሴት ከወለደች በ25ኛው ቀን እንኳ እንቁላል ልትለቅ ትችላለች። ስፐርም በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ከ21ኛው ቀን ጀምሮ መከላከያ ያስፈልጋል የሚሉት። ሦስት ሳምንት ማለት ነው። ከስድስት ሳምንቱ ቀጠሮ በግማሽ ይቀድማል።

«የወር አበባዬ ገና አልመጣም» የሚለው መተማመኛ የሚከሽፈውም እዚህ ነው። እንቁላል የሚለቀቀው የወር አበባ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ነው። የወር አበባዋን የምትጠብቅ ሴት የመጀመሪያዋን እንቁላል አታያትም። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ አንድም ጊዜ የወር አበባ ሳታይ ማርገዝ ትችላለች፤ አራተኛ ወሯ ሲገባ ነው ሆዷ የሚነግራት።

ጡት ማጥባትስ? ይከላከላል፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። እ.ኤ.አ. በ1988 በጣሊያኗ ቤላጂዮ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የተስማሙበት ነገር ይህ ነው፤ ሦስት ሁኔታዎች አንድ ላይ ከተሟሉ ማጥባት 98 በመቶ ይከላከላል። ሕፃኑ ስድስት ወር አልሞላውም። የወር አበባ አልተመለሰም። ሕፃኑ የሚመገበው የእናት ጡት ብቻ ወይም ከሞላ ጎደል የእናት ጡት ብቻ ነው፣ ቀንም ሌሊትም፤ በሁለት ማጥባት መካከል ያለው ጊዜ ቀን ከአራት ሰዓት፣ ሌሊት ከስድስት ሰዓት አይበልጥም። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መከላከሉ አብሮ ያበቃል። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት የጀመረበት ሳምንት ለእናትየው እፎይታ ነው፤ ግን ያንኑ ሳምንት ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል። ሥራ ተመልሳ ጡጦ የተጀመረበትም እንዲሁ። ደም መታየትን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ 56 ቀናት ውስጥ የሚታየው እንደ ወር አበባ አይቆጠርም፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ደም ግን ይቆጠራል።

ቶሎ መፀነሱ ምን ያመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር መቆየትን ይመክራል። በስድስት ወር ውስጥ መልሶ ማርገዝ ያለጊዜው የመውለድና ክብደቱ ያነሰ ሕፃን የመውለድ ስጋትን ይጨምራል። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ደግሞ ሌላ ነገር አለባት። በሁለቱ ወሊዶች መካከል ያለው ጊዜ ከ18 ወር ካነሰና ቀጣዩን በምጥ ልውለድ ካለች የማህፀን ጠባሳው የመቀደድ ዕድሉ ይጨምራል። ይህንን ለእሷ መናገር ከሆስፒታል ሳትወጣ ነው እንጂ በሌላ እርግዝና ስትመለስ አይደለም።

የትኛው ይሻላል?

«ጥሩው መከላከያ የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው። ታጠቢያለሽ ወይ? ቀጣዩን ልጅ መቼ ትፈልጊያለሽ? የደም ግፊት ወይም የደም መርጋት ነበረብሽ? በየቀኑ አንድ ነገር ማስታወስ ትችያለሽ? ሕፃን ይዞ የሚውል ሰው የመጨረሻውን ጥያቄ በሐቀኝነት ይመልስ።

መጀመሪያ መጠንቀቅ ያለብን በሁለት ሆርሞን የተሠራው፣ ኤስትሮጅን ያለው እንክብል ነው። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ደም ከወትሮው በላይ የመርጋት ባሕርይ አለው፤ ይህ ስጋት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከፍተኛ ነው። ኤስትሮጅን ይጨምርበታል። ስለዚህ ጡት የምታጠባ እናት በመጀመሪያው ስድስት ሳምንት ፈጽሞ አትወስደውም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ስድስት ወር ሌላ አማራጭ ካለ እንዲቀር ይመክራል፤ ወተትንም ሊቀንስ ይችላል። የማታጠባዋም ቢያንስ ሦስት ሳምንት ትቆያለች፤ ለመርጋት የሚያጋልጥ ተጨማሪ ነገር፣ ለምሳሌ ኦፕራሲዮን ወይም ከፍተኛ ውፍረት ካለባት ስድስት ሳምንት። ከእርግዝና በፊት ትወስጂው የነበረ ፓኬት መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ሳትጠይቂ አትጀምሪው። ይህን ስህተት ብዙ ሴት ባለማወቅ ትሠራዋለች። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ ወይም ድንገት ደረት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ፣ መከላከያ ወሰድሽም አልወሰድሽም ቀኑን ሳታሳልፊ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ያለአግባብ የሚፈራው ነው። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወይም እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሊገባ ይችላል፤ በኦፕራሲዮንም ጊዜ በተከፈተው ማህፀን በኩል ይቀመጣል። 48 ሰዓቱ ካለፈ አራት ሳምንት ይጠበቃል። ወዲያው የሚገባው ሉፕ ተመልሶ የመውጣት ዕድሉ ቆይቶ ከሚገባው ይበልጣል፤ ስለዚህ የሉፑ ክር በቦታው መኖሩን የሚያይ ቀጠሮ አይዘለል። ግን አስቡት፤ ብዙ ሴት ከወለደች በኋላ ለቀጠሮ ሳትመለስ ነው የምታረግዘው። ማህፀኗ ውስጥ የገባው ሉፕ፣ ከጥቂቶቹ ላይ ቢወጣም፣ ካልመጣችበት ቀጠሮ ይበልጣል። የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፣ እስከ አሥር ዓመት ይሠራል፣ የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል። ሆርሞን ያለው ደግሞ የወር አበባን ይቀንሳል፣ እንደ ዓይነቱ ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ይሠራል። ሲያስወጡት ማርገዝ ወዲያው ይመለሳል።

ክንድ ላይ በቆዳ ሥር የሚቀበረው ኢምፕላንት ከሁሉም አስተማማኝ ነው፤ ከ1,000 ሴት አንዷ እንኳ በዓመት በእሱ ላይ አታረግዝም ማለት ይቻላል። እንደ ዓይነቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ቀድሞ የምታጠባ እናት ስድስት ሳምንት ትጠብቅ ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ለወጠው፤ አሁን ከወሊድ ክፍል ሳትወጣ ማስቀበር ትችላለች። ሴቶች እንዲወጣላቸው የሚያስጠይቃቸው ዋናው ነገር የተዘበራረቀ ደም ነው። አንዷ ለወራት ጠብ ጠብ ይልባታል፣ ሌላዋ ጭራሽ ይጠፋባታል። አስቀድሞ የተነገራት ትታገሳለች ወይም አስባበት ሌላ ትመርጣለች፤ ያልተነገራት ትደነግጣለች። እዚህ ላይ ለባለሙያዎች የምለው አለኝ። ሴትየዋ «ይውጣልኝ» ብላ ስትመጣ «ትንሽ ታገሺ» እያሉ መመለስ ልክ አይደለም። ስታስገባ ፈቃዷን የጠየቀ፣ ስታስወጣም ያክብራት።

በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ ለብዙዎች ይመቻል፣ በተለይ መከላከያ መውሰዷ በሌላ ሰው እንዲታወቅ ለማትፈልግ። የዓለም ጤና ድርጅት ለምታጠባ እናት ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ እንዲጀመር ይመርጣል። የማታጠባዋ ወዲያው ትችላለች። አንድ ነገር ግን ይታወቅ። መርፌውን ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ ከመጨረሻው መርፌ አሥር ወር ገደማ ይወስዳል። መካን አያደርግም፣ ያዘገያል። በዓመት ተኩል ውስጥ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ ለምትል ሴት ሌላው ይሻላታል።

ፕሮጄስትሮን ብቻ ያለው እንክብል ለአጥቢ እናት ይሆናል፣ ወተት አይቀንስም። ግን ሰዓት ይጠብቃል። የቀድሞዎቹ ዓይነቶች ከሦስት ሰዓት በላይ ከዘገዩ ጥበቃው ይላላል፤ ዴሶጌስትሬል ያለው ዓይነት እስከ 12 ሰዓት ይታገሳል። ኮንዶም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሆናል፣ ከአባላዘር በሽታም የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ሰዎች በዕለት ተዕለት አጠቃቀማቸው ግን ከ100 ሴት 13ቱ በዓመት ያረግዛሉ። ውጭ ማፍሰስ ላይ የሚተማመኑት ደግሞ ከ100 ሃያዎቹ።

ልጅ በቃን ያሉ ባልና ሚስት ዘላቂውን መንገድ ሊመርጡ ይችላሉ። የሴቷ የእንቁላል ቱቦ በወለደች በሰባት ቀን ውስጥ ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ይቋጠራል። ይህ ውሳኔ ምጥ ላይ ባለች ሴት አይወሰንም፤ በእርግዝናው ወራት ተረጋግታ ያሰበችበት መሆን አለበት። የወንዱ የዘር ቱቦ የሚቋጠርበት ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከሷ በጣም ይቀላል። ወሲባዊ አቅሙን አይነካም። ግን ወዲያው አይሠራም፣ ሦስት ወር ሌላ መከላከያ ይዘው የዘር ፈሳሹ ይመረመራል። ዘጠኝ ወር ተሸክማ የወለደችው እሷ ሆና ሳለ ቀጣዩም ሸክም የእሷ ብቻ መሆኑ ለምን እንደሆነ ሁለታችሁም ብትነጋገሩበት እወዳለሁ።

ይህ ሁሉ ምርጫ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አይወሰንም። አንድ እጇ ሕፃን የያዘ፣ ሌላው የክትባት ካርድ የያዘ፣ ወረፋ ከኋላዋ ያለ ሴት «ምን ልስጥሽ?» ስትባል ጎረቤቷ የምትጠቀመውን ትጠራለች። ለዚህ ነው ወሬው በእርግዝና ክትትል፣ በሰባተኛና በስምንተኛ ወር መጀመር ያለበት። ያኔ ጊዜ አለ፣ ባልም አብሮ ሊመጣ ይችላል፣ የመረጠችውም በካርዷ ላይ ይጻፋል። ሐሳቧን ከቀየረች ይሰረዛል።

ይህን ሁሉ ዘግይታችሁ ያነበባችሁም ትኖራላችሁ። ከወለድሽ 21 ቀን አልፎ ያለ መከላከያ ግንኙነት አድርገሽ ከሆነ አሁንም የሚደረግ ነገር አለ። ሌቮኖርጌስትሬል ያለው ድንገተኛ መከላከያ እንክብል በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ ማጥባትም አያስቆምም። ከወለድሽ አራት ሳምንት ካለፈ ደግሞ የመዳብ ሉፕ በአምስት ቀን ውስጥ ማስገባት ከእንክብሉ ይበልጥ ይከላከላል፣ ለሚቀጥሉት ዓመታትም ይቆያል። ከግንኙነቱ ሦስት ሳምንት ቆይተሽ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፣ የወር አበባ መምጣት አለመምጣቱን አትጠብቂ። ምርመራውን እየጠበቅሽ ባለሽበት ጊዜም መከላከያ ተጠቀሚ፤ እንክብሉ የሚሠራው ላለፈው ግንኙነት ነው እንጂ ለሚቀጥለው አይደለም።